ጥሩ አጻጻፍ ያለው መጽሐፍ እየታከተኝ፣ ደካማው ለምን እንቅልፍ ይነሣኛል?

ጥያቄ፦ የሌሊት አንባቢ

ለብዙ ጊዜ ይዤው የቆየሁትን ጥያቄ መጻሕፍት ለምታነቡና ለምታዘጋጁ ሰዎች ላቀርብ ወደድሁ። አጻጻፉ ጥሩ መሆኑን እኔ ራሴ የማልጠራጠረውን መጽሐፍ ማንበብ ይታክተኛል፤ አጻጻፉ ደካማ መሆኑን ከመጀመሪያው ገጽ ያወቅሁትን መጽሐፍ ግን ሳልጨርስ መብራት አላጠፋም። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ቢሆን ኖሮ ድካም ነው ብዬ በተውሁት ነበር፤ አሁን ግን ልማድ ሆኖብኛል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. የታተመ፣ በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ የተሰጠው ሥራ ነው፤ ይገባዋልም። ባላገሩ እንደ ባላገር፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ እንደ ተማሪ፣ ወይዘሮዋም እንደ ወይዘሮ ሲናገሩ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው አማርኛ ተሰጥቷቸዋል፤ ደራሲው አንዳንዱን ቃል ከየት ፈልጎ እንዳገኘው ያስገርማል። የትኛውንም ገጽ ገልጬ «ይህን ስማ» ብዬ ለሰው ባነብለት አላፍርበትም። ነገር ግን ከዚያ ገጽ ወደሚቀጥለው የሚገፋኝ ነገር አጣለሁ። አደንቃለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ እንደገና ለማንሣትም ራሴን መገሠጽ ይኖርብኛል።

በሌላው ወገን ያሉት፣ ድሮ ማስያዣ አስይዘን በቀን ሒሳብ ከአከራይ እንወስዳቸው የነበሩት፣ ስለ ሰላይና ስለ ነፍሰ ገዳይ የሚተርኩ የትርጉም ልብ ወለዶች ናቸው። ስማቸውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሽፋናቸው የተገነጠለውን እነዚያን መጻሕፍት በእጁ የያዘ ሰው ያውቃቸዋል። በውስጣቸው ያሉት ሰዎች ሁሉ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፣ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ይሰቅላሉ፤ ቆንጆዋ ሴት በሁሉም መጽሐፍ አንዲት ሴት ናት፤ በአንዱ ምዕራፍ ኮሎኔል የነበረው ሰው በሚቀጥለው ሻለቃ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገርም ባለቤቱን ጥሎ ስለሄደ ማን ማንን እንደገደለ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆናል። ይህን ሁሉ እያየሁ፣ አንዳንዴም በእርሳስ እያረምሁ፣ እስኪነጋ አነባለሁ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ያላስደሰተኝን መጽሐፍ «ጥሩ ነው» ማለቴ ግብዝነት አይሆንም ወይ? ሌሊቱን ሙሉ ያስደሰተኝንስ «መጥፎ ነው» ስለው ውለታ ቢስ መሆኔ አይደለም ወይ? «ገና ስላልበሰልህ ነው» የሚለውን መልስ ከወዳጆቼ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ የብስለት ጉዳይ ከሆነ ግን ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ መሆኑንም ባልለየሁ ነበር።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር

ለጠያቂው ሰላምታዬ ይድረስ። ግብዝነት አይታየኝም። ግብዝ የሚባለው ያልወደደውን «ወደድሁት» ያለ ሰው ነው፤ እርስዎ ግን ያሉት «ጥሩ ነው፤ እኔን ግን አልያዘኝም» ነው። አንዱ ስለ መጽሐፉ የተሰጠ ፍርድ ሲሆን ሌላው በእርስዎ ላይ ስለ ደረሰው ነገር የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ ሁለቱ እንዲስማሙ የሚያስገድድ ምንም ሕግ የለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከጻፉት መካከል ጆርጅ ኦርዌል ይጠቀሳል። ይህ እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1945 «ጥሩ መጥፎ መጻሕፍት» በሚል ርእስ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ አነጋገሩን ከጂ. ኬ. ቼስተርተን እንደወሰደም በዚያው ገልጿል። እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ነን ብለው የማይነሡ፣ ነገር ግን ከእነርሱ ይልቅ የተከበሩት ሲረሱ መነበባቸውን የሚቀጥሉ መጻሕፍትን ነው። የሸርሎክ ሆምስ ታሪኮች በዚህ ወገን ይመደባሉ። ዋነኛ ምሳሌ ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ1852 በመጽሐፍ መልክ የታተመውን የሐሪየት ቢቸር ስቶውን «የአጎት ቶም ጎጆ» ነው፦ ሊታመኑ በማይችሉ አጋጣሚዎች የተሞላ፣ አንዳንድ ቦታ ሳያስበው የሚያስቅ፣ ሆኖም ልብን የሚነካና በመሠረቱ እውነት የሆነ መጽሐፍ። አእምሮአችን ከቁም ነገር ሊቈጥረው ፈቃደኛ ያልሆነው መጽሐፍ ሊያስደስተንና ሊያስለቅሰን ከቻለ፣ ጥበብና የአእምሮ ሥራ አንድ አይደሉም ማለት ነው ይላል።

ሊዮ ቶልስቶይ ደግሞ ከዚህ እጅግ አልፎ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው «ኪነ ጥበብ ምንድን ነው?» በተሰኘው ሥራው የጥበብ መለኪያው ደራሲው የተሰማው ስሜት ወደ አንባቢው መጋባቱ ነው ብሎ ስለ ተነሣ፣ ያንኑ «የአጎት ቶም ጎጆ» ከከፍተኛው የጥበብ ወገን ሲመድብ የራሱን ሥራዎች ከሁለት አጫጭር ታሪኮች በስተቀር ከመጥፎው ጎራ ጣላቸው። «ጦርነትና ሰላም»ን የጻፈ ሰው ይህን ሲል መስማት ያስደነግጣል፤ እኔም እስከዚያ ድረስ አልከተለውም፤ መለኪያው የስሜት መጋባት ብቻ ከሆነ ማንኛውም ጩኸት ጥበብ ይሆናልና።

በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ተጨማሪ ሥር ያለው ይመስለኛል። ሥነ ጽሑፍን ማክበር የተማርነው ከቅኔ ቤት ነው። በዋሸራ ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ ያደገ ሰው ወርቁ ከሰሙ በታች ተሰውሮ ሲቆየው ይደሰታል፤ መድከሙ ራሱ የደስታው ክፍል ነው። ያንን ደስታ ለማግኘት ግን ዓመታት በጉባኤ ላይ ተቀምጧል። እኛ የአስኳላ ልጆች ከዚያ ቤት የወረስነው አክብሮቱን ብቻ ነው፤ ሥልጠናው አልደረሰንም። ስለዚህ የሚከብደን ጽሑፍ ሁሉ ጥልቅ ይመስለናል፤ ያለ ድካም ያገኘነውን ደስታ ደግሞ እንጠረጥረዋለን። የእርስዎ ኀፍረት ከዚህ የመጣ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

መልስ፦ አራሚ

ሥራዬ የሰዎችን ረቂቅ ማረም ስለሆነ ጉዳዩን ከዚያ በኩል ልመልከተው። መምህሩ ያነሡት ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ሳይነካ ያለፈ ይመስለኛል፤ እርሱም ጠያቂው «ደካማ» ያሏቸው መጻሕፍት በእርግጥ ደካማ ናቸው ወይ የሚለው ነው።

ጠያቂው «አጻጻፍ» ሲሉ ዓረፍተ ነገሩን ማለታቸው ነው። ዓረፍተ ነገር ግን የድርሰት ሥራ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የወንጀል ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዓረፍተ ነገሩ በፊት የሚወስናቸው ብዙ ነገሮች አሉ፦ ሬሳው በስንተኛው ገጽ ይገኝ፣ ገዳዩ ከአንባቢው ፊት ሳይታወቅ ስንት ጊዜ ይመላለስ፣ መርማሪው የሚያውቀውን አንባቢው መቼ ይወቅ፣ አንባቢው ያወቀውንስ መርማሪው እስከ መቼ ይሳተው። በሩ ሲንኳኳ ምዕራፉ ይዘጋል፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ወደ ሌላ ከተማና ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ አንባቢውም ስለዚያ ሰው እያነበበ ጆሮው በሩ ላይ ይቀራል። ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። የትኛው ነገር መቼ ይነገር የሚለውን መወሰን ቃል ከመምረጥ የማያንስ ጥበብ ነው፤ ረቂቅ ሲቀርብልኝ ከቃላቱ ይልቅ ለማረም የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ትርጉሞቹ እንምጣ። ዓረፍተ ነገር የቋንቋው ንብረት ስለሆነ ተርጓሚው ከቸኰለ ወይም አማርኛው ደካማ ከሆነ በመንገድ ይሞታል። የድርጊቱ ቅደም ተከተል ግን ቀረጥ ሳይከፍል ድንበር ያልፋል። ስለዚህ ጠያቂው ሌሊቱን ሙሉ የሚያነቡት በሚገባ የታነጸን ታሪክ በተሰባበረ አማርኛ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሣቸው ስብርባሪው አማርኛ ሳይሆን እነጻው ነው። ይህን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። እነዚያን ትርጉሞች አብነት አድርገው በቀጥታ በአማርኛ ከተጻፉት የሰላይ ታሪኮች መካከል፣ ቃላቱም አወቃቀሩም የተበላሸውን አንዱን ያንሡ፤ በር ይንኳኳል፣ ነገር ግን ማን እንደሚያንኳኳ ደራሲው ራሱ ገና አላወቀም። እርሱንም እስኪነጋ ካነበቡት ክርክሬን እተዋለሁ።

ደካማው ዓረፍተ ነገር ራሱ አንዳንድ ጊዜ ጥቅም አለው ብል ይገርማችሁ ይሆናል። ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ንባብ በጻፈው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብቻ የሚያነብ ሰው የተለመደውን አነጋገር ይመርጣል፤ ወዲያው ይታወቃልና። «ልቧ በፍጥነት መምታት ጀመረ» የሚለውን ማንም አያነበውም፤ ዐይን ምልክቱን አይቶ ያልፋል። አዲስና የተዋጣለት አገላለጽ ግን አንባቢውን ያስቆመዋል፤ «እንዴት አድርጎ ነው ያየው!» ያሰኘዋል። አንድ ሰው በጨለማ ኮሪደር እየተከተላት ሳለ አንባቢው ቆሞ የመጋረጃውን አገላለጽ እንዲያደንቅ ማድረግ ስሕተት ነው። በዚያ ቦታ ያረጀው ሐረግ ሥራውን ይሠራል።

«አደፍርስ»ን በተመለከተ ደግሞ ደራሲው ይህን ሁሉ አያውቅም ሊባል አይችልም፤ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለውን መጽሐፍ ያዘጋጀው እርሱ ራሱ ነውና። «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ዐውቆ ወደ ጎን ትቶታል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዋናው ነገር አዲሱ ትምህርትና የቆየው እምነት በአንድ አካባቢ ተገናኝተው የሚያደርጉት ክርክር ነው፤ ድርጊቱ የክርክሩ አጋጣሚ ብቻ ነው። ክርክሩን ለመስማት ያልተቀመጠ አንባቢ የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም፤ መጽሐፉ ግን ያልገባውን ቃል አላጠፈም።

ጥሩ ዓረፍተ ነገርና የሚስብ ታሪክ አብረው አይሄዱም እንዳይባል ደግሞ በዓሉ ግርማ አለ። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበውን «ኦሮማይ»ን ያነበበ ሰው፣ አጭሩና ፈጣኑ ዓረፍተ ነገር ከታሪኩ ጋር እኩል እንደሚሮጥ ያውቃል። «የጋዜጠኛ አጻጻፍ ነው» ብለው የሚያቃልሉትን ሰዎች ሰምቻለሁ፤ ጋዜጠኛነቱ መች ነውር ሆነ? አንባቢን ሳያደናቅፉ ወደፊት መውሰድ ብዙዎቹ ባለ ረጅም ዓረፍተ ነገር ደራሲዎቻችን ያልቻሉት ነገር ነው።

መልስ፦ የሬዲዮ ልጅ

እኔ በአጭሩ ስለ «አደፍርስ» ብቻ እናገራለሁ። ዝም ብለው በዐይን ያነበቡት ከሆነ አይገርመኝም። መጽሐፉ አብዛኛው ንግግር ነው፤ ንግግሩ ደግሞ ድምፅ ይፈልጋል። አንድ ሰው ወይዘሮ አሰጋሽን ሌላው አደፍርስን ሆነው በየተራ ጮክ ብለው ቢያነቡት፣ በዐይን ሲያነቡት የተንዛዛ የመሰለዎት ቦታ ሙግት ሆኖ ይሰማዎታል። እኛ ቤት አድርገነዋል፤ ያለ ቀልድ፣ ጎረቤት እውነተኛ ጠብ መስሎት ነበር።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ቢሆን ስንቶቻችን በዐይናችን ጨረስነው? ብዙ ሰው የወደደው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ዛሬ አንሥታችሁ በአራሚ ዐይን ብትመለከቱት፣ ደራሲው ታሪኩን አቁሞ የሚያብራራበት ቦታ ብዙ ነው፤ ጉዱ ካሳም አንዳንድ ጊዜ የሰው ጭውውት ትቶ ስብከት ይይዛል። በወጋየሁ ድምፅ ግን ስብከቱ ራሱ ተናፋቂ ነበር። እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ከጥሩዎቹ ነው ወይስ መምህሩ ከጠቀሱት ከ«ጥሩ መጥፎ» መጻሕፍት? ይህን ስጽፍ የሚቈጣኝ እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ከሚወዱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን የምወዳቸው በዓረፍተ ነገሩ ጥራት ምክንያት ነው ብዬ አልዋሽም።

ለመሆኑ «ጥሩ አጻጻፍ» የምንለውን ራሳችን መርምረን ነው የምንለው ወይስ በትምህርት ቤት ስለተነገረን? ለፈተና ሲባል ማጠቃለያው ተሸምድዶ የተነበበ መጽሐፍ ስንት ዓመት ቢያልፍ የፈተና ጠረኑ አይለቅም።

የሌሊት አንባቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአራሚው ፈተና ትክክል ነው፤ እንደዚያ ያሉ መጻሕፍት ጀምሬ የጣልኋቸው አሉ፤ ስለዚህ ያስደሰተኝ መጥፎነቱ ስላልሆነ ከእንግዲህ እነዚያን ትርጉሞች በጅምላ «መጥፎ» አልላቸውም። ጮክ ብሎ ማንበቡንም እሞክረዋለሁ፤ አብሮኝ የሚሟገት ሰው ከተገኘ።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። መጥፎነቱን ራሱን ወድጄ የማነበው መጽሐፍም አለ። ጀግናው በጥይት ተመትቶ ሳለ ስለ አገር ፍቅር ሁለት ገጽ ሲናገር፣ ለወዳጄ ስልክ ደውዬ አነብለታለሁ፤ አብረን እንስቃለን። ይህስ ከየትኛው ይመደባል?

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር

ይህ ከፊተኛው ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በሰላዩ ታሪክ ፍርድዎ ተኝቶ ስሜትዎ ይሠራል፤ በዚህኛው ግን የሚሥቀው ፍርድዎ ነው። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው እነዚያን ሁለት ገጾች አንብቦ በቁም ነገር ያለቅስ ነበር።

በሰሜን አየርላንድ የኖረችው አማንዳ ማኪትሪክ ሮስ የዚህ ዓይነት አንባቢዎች ንግሥት ናት። የመጀመሪያ ልብ ወለዷን እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመላት ባልዋ ነበር፤ ለዐሥረኛው የጋብቻ በዓላቸው ስጦታ እንዲሆናት ወጪውን ከፍሎ። አጻጻፏ እጅግ ከመጋነኑ የተነሣ በኦክስፎርድ ቶልኪንና አራሚው የጠቀሱት ሲ. ኤስ. ሉዊስ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲሰበሰቡ፣ ሳይሥቅ ረጅም ጊዜ ጮክ ብሎ ሊያነባት የሚችለው ማን ነው እያሉ ይወዳደሩ ነበር። እርሷ ግን ታላቅ ደራሲ መሆኗን አልተጠራጠረችም፤ ተቺዎቿንም ክፉኛ ትሰድብ ነበር። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚያስቀው ደራሲው ከልቡ ሲጽፍ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሆን ተብሎ በመጥፎ አማርኛ የተጻፈ ቀልድ ከጥቂት ገጽ በኋላ ይሰለቻል። እርስዎና ወዳጅዎ የምትሥቁበት ደራሲ እነዚያን ሁለት ገጾች እያለቀሰ እንደጻፋቸው አልጠራጠርም፤ ስለዚህ ሣቁ፣ ነገር ግን እርሱ በሚገኝበት የመጽሐፍ ምረቃ ላይ አይሁን።

መልስ፦ አራሚ

በመምህሩ መልስ እስማማለሁ። ጠያቂው ያላነሡትን አንድ ጉዳት ብቻ ልጨምር። እነዚያን ትርጉሞች ማንበብ አንባቢን አይጎዳም፤ ጸሐፊ ለመሆን የሚፈልገውን ግን ይጎዳዋል። እነጻውን ሳይሆን ስብርባሪውን አማርኛ ይወርሳልና፤ የታሪኩ አያያዝ ሳይታወቀው ያልፈዋል፣ ሐረጉ ግን ብዕሩ ላይ ይጣበቃል። ባለፈው ሰሞን በደረሰኝ ረቂቅ ውስጥ አንድ የጎጃም ገበሬ ዳኛ ፊት ቀርቦ «በሬውን ማን ሰረቀው?» ተብሎ ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ ይላል። የጎጃም ገበሬ ከዳኛ ፊት እንደዚያ ሲያደርግ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ይምላል፣ ይገዘታል፣ ጋቢውን ያጣፋል፣ «በእግዜር» ይላል። በቀይ ሰረዝሁት። ደራሲው ግን በሚቀጥለው ረቂቅ መልሶ አስገብቶት፣ አሁን ደግሞ ዳኛውም ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሰቅለዋል።